ዓሣውን ከመግዛቴ በፊት ውሃውን እጠይቃለሁ

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ መሀል ምግብ ቤት ከፍተው ዓሣ ለማቅረብ ለሚያስቡ፣ እንዲሁም ጾም በገባ ቁጥር ፊሌቶ በኪሎ ገዝተው ወደ ቤታቸው ለሚገቡ ሰዎች ነው። እኔ ከፍልውሃ ብዙም ሳይርቅ አነስተኛ ዓሣ ቤት አለኝ። ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ኮተሌትና ሾርባ እንሠራለን። ስለ አበሳሰሉ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። የሚያስቸግረው ግዢው ነው።

ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው «ትኩስ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ሻጭ ሁሉ የሚመልሰው ደግሞ «ትናንት ማታ የወጣ ነው» ብሎ ነው። ይህ ሰላምታ እንጂ መረጃ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከየትኛው ውሃ ወጣ? በየትኛው ቀን? ከወጣ በኋላስ በምን ውሃ ታጠበ? እነዚህ መልስ ካላገኙ ሳጥኑን አላስከፍትም።

አመሉን ያመጣሁት የራሴን ቤት ከመክፈቴ በፊት ከሠራሁበት ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ነው። አልፎ አልፎ ለውጭ አገር እንግዶች ኦይስተር በአውሮፕላን ይመጣ ነበር። ለማያውቀው፣ ኦይስተር በሁለት ሻካራ ቅርፊት መካከል የሚኖር፣ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ዳርቻ ከድንጋይ ወይም ከሌላ ቅርፊት ላይ ተጣብቆ የሚያድግ እንስሳ ነው። ፈረንጆቹ ሎሚ ጨምቀውበት ከነነፍሱ ይበሉታል። እኔ ቀምሼው አላውቅም፣ የመቅመስ ሐሳብም የለኝም። የቆጠርኩትና ያጠብኩት ግን ብዙ ነው።

ያስገረመኝ እንስሳው ሳይሆን ሳጥኑ ላይ የታሰረው ወረቀት ነበር። ውሃ የማያበላሸው ጠንካራ ካርድ ሆኖ የኦይስተሩ ዓይነት፣ የመጣበት አገር፣ ያሸገው ማዕከል ቁጥርና የታሸገበት ቀን ተጽፎበታል። «ሲሸጥ በሕይወት መኖር አለበት» የሚል ማሳሰቢያም አለው። ስለዚህ ስንረከብ አፉን የከፈተ ካገኘን በጣታችን ቅርፊቱን መታ መታ እናደርገዋለን። ካልገጠመ ሞቷል፤ ይጣላል። ዋናው ሼፍ ሳጥኑ አልቆ እንኳ ካርዱን እንድንጥል አይፈቅዱም ነበር። የመጨረሻው ኦይስተር የቀረበበት ቀን ይጻፍበትና መሳቢያ ውስጥ ይገባል። በአውሮፓ ሕግ ቸርቻሪ ሳጥኑን ከፍቶ መቸርቸር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ቢያንስ ለ60 ቀናት፣ በአሜሪካ ደግሞ ለ90 ቀናት መቀመጥ አለበት።

«ይህ ሁሉ ለምን?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። ኦይስተር የሚመገበው ውሃ እያጠለለ ነው፤ አንድ ትልቅ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያጠልላል። ውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ከመጸዳጃ ቤት የመጣውን ጀርም ጨምሮ፣ በሰውነቱ ያከማቻል። ከዚያ ሰው ከነአንጀቱ፣ ያውም ሳይበስል ይበላዋል። ከጀርሞቹ አንዱ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ኤ ነው፤ በሽታው ከተመገቡበት ቀን አንሥቶ እስከ 50 ቀናት ድረስ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በሽተኛው ሐኪም ቤት ሲደርስ ኦይስተሩ ካለቀ ወር አልፎታል። የቀረው ምስክር ያ ካርድ ብቻ ነው። በካርዱ የተለቀመበት የባሕር ዳርቻ ይታወቃል፤ ዳርቻው ይዘጋል።

እንደ ነገሩኝ ከሆነ መዝጋቱ ራሱ የተለመደ አሠራር ነው። ከባድ ዝናብ ጥሎ ጎርፍ የከተማውንና የእርሻውን ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ባሕር ካስገባ፣ ማንም ሳይታመም ለቀማው ይቆማል። ውሃው ተለክቶ ንጹሕ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው የሚከፈተው። ለዘሩም ይጠነቀቃሉ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከ3 ኢንች፣ ማለትም 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሚሆን ርዝመት በታች ያለ ኦይስተር ወደ ውሃው ይመለሳል። ተበልቶ የተረፈው ቅርፊትም በየቦታው ተሰብስቦ ወደ ባሕር ይጣላል፤ ጫጩቶቹ የሚጣበቁበት ጠንካራ ነገር ስለሚፈልጉና ከእናቶቻቸው ቅርፊት የተሻለ ስለማያገኙ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ባሕር የለንም ብዬ ለመቆጨት አይደለም። የራሴን ዓሣ ቤት ስከፍት አንድ ሳጥን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ) ተረከብኩና ካርዱን ፈለግኩ። ካርድ የለም። ላስቲክ፣ የቀለጠ በረዶና ዓሣ ብቻ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት፤ አለበለዚያ የማያስፈራውን እየፈራን የሚያስፈራውን እንዘነጋለን። ዓሣ እንደ ኦይስተር ከነአንጀቱ አይበላም። የጤነኛ ዓሣ ሥጋ፣ ዓሣው በሕይወት ሳለ፣ ከጀርም ንጹሕ ነው፤ ጀርሙ ያለው ቆዳው፣ የሚተነፍስበት የጉንጩ ውስጥና አንጀቱ ላይ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ውሃ በጀርም በኩል ዓሣውን የሚያገኘው በዋናነት ከወጣ በኋላ ነው፤ ዳር ላይ ተሰንጥቆ በዚያው በሐይቁ ውሃ ሲታጠብ። ሌላው መንገድ በኬሚካል በኩል ነው። ሜርኩሪና ሌሎች ከባድ ብረቶች ከሥጋው ጋር ይዋሐዳሉ፤ ማጠብም መጥበስም አያስወጣቸውም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ከቤቴ በእግር ጥቂት ወረድ ሲባል የባንተይቀጡ ወንዝ አለ። በወዳጅነት ፓርክ በኩል ዳሩ አምሮበታል፤ እኔም ሰንበት ሲሆን እዚያ ደስ ብሎኝ እቀመጣለሁ። ነገር ግን የከተማችን ወንዞች ለብዙ ዘመን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የፋብሪካ ቆሻሻ ሲሸከሙ እንደኖሩ ያልታዘበ አዲስ አበቤ የለም። ባንተይቀጡ ከቀበና ይገናኛል፤ ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውሃ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የቆቃ ግድብ ይገባል። ቆቃ ላይ ዓሣ ይጠመዳል። ዓሣው በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል።

ይህን ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣቴ ተከትዬ ስጨርስ ወጥ ቤቴ ውስጥ ያለውን የእቃ ማጠቢያ ቧንቧ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት ወደ ፍሳሽ መድፋት በቤቴ የቆመው ያኔ ነው፤ በጄሪካን እናጠራቅመውና ለሳሙና ሠሪዎች እንሰጣለን።

ቆቃን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፤ ግን እጠነቀቃለሁ። ከከተማችን ከሚሄደው ውሃ ሌላ የሞጆ ወንዝም ቆዳ ፋብሪካዎች ያሉበትን አካባቢ አልፎ ወደዚያው ይገባል። ማዳበሪያና ፍሳሽ ሲበዛ ደግሞ ውሃው ላይ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው አረንጓዴ ነገር ይነግሣል። የሚያመነጨው መርዝ በእሳት አይጠፋም፤ በይበልጥ የሚከማቸው በዓሣው ጉበትና አንጀት ነው። ስለዚህ የቆቃ ዓሣ ከገባ ሆዱ በጥንቃቄ ወጥቶ ይጣላል፣ ከሆድ ዕቃው ምንም ነገር ወደ ድስት አይገባም። ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት በሚመስልበት ወቅት ደግሞ ጨርሶ አልቀበልም።

ብዙውን ጊዜ የምገዛው የዝዋይ ቆሮሶ ነው። ቅርብ ነው፤ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዝዋይም ግን ከጭንቅ ነፃ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያውን የአትክልትና የአበባ እርሻ ከውሃው እየሳበ ያጠጣል፣ የተረጨው ፀረ ተባይም ተመልሶ ወደዚያው የሚሄድበት መንገድ ብዙ ነው። እምቦጭም ደርሶበታል። ከሀዋሳ ሲመጣልኝ ቆሮሶውን እመርጣለሁ። ሀዋሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ትንንሽ ዓሣ የሚበላው ትልቁ ባርበስ ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ይበላል፣ አዳኝ ዓሣ ግን የበላቸው ዓሦች ያጠራቀሙትን ሁሉ ይወርሳል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር ወይም ለሕፃን የሚገዛ ደንበኛ ሲመጣ የማቀርበው ቆሮሶ ነው፤ ከዓርባ ምንጭ በኩል የሚመጣውን ትልልቁን ናይል ፐርች አይደለም። ናይል ፐርች ጥሩ ዓሣ ነው፤ ለጥብስ የሚተካከለው የለም። ግን ከጫሞ እስከዚህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረዶው እኩል መንገድ ላይ ካለቀ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው።

ወደ ካርዱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አቅራቢዬ ትጉህ ወጣት ነው። መጀመሪያ ላይ ጭውውታችን እንዲህ ነበር፤

«እትዬ፣ ይኸው የዝዋይ ቆሮሶ።»

«ተባረክ። መቼ ወጣ?»

«ትናንት ማታ።»

«አንተ ስትረከብ ነው ወይስ ከመረቡ ሲወጣ?»

ዝም አለ። ከዚያ ሣቅ ብሎ «እሱን እንኳ አልጠየቅኩም» አለኝ።

«እንግዲያው ጠይቅና ጽፈህ ና። ዋጋ አልከራከርህም።»

ከተናገርኩት ሁሉ የሠራው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ለመረጃ ዋጋ ካልተከፈለ መረጃ አይመጣም፤ ወይም ውሸት ሆኖ ይመጣል። አሁን በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ከባዶ የዘይት ጄሪካን የተቆረጠ ቢጫ ፕላስቲክ በሽቦ ታስሮ ይመጣል። በማይለቅ ማርከር ሐይቁ፣ የወረደበት ዳርቻ፣ ከመረብ የወጣበት ቀንና የዓሣው ዓይነት ይጻፍበታል። ወረቀት ሞክረን በረዶው ሲቀልጥ ገንፎ ሆነ፤ እስክሪብቶም ይለቃል። ሳጥኑ ሲያልቅ እኛ የጨረስንበትን ቀን በጀርባው ጽፈን ቆርቆሮ ውስጥ እንጥላለን። 90 ቀን ሲሞላው ይታጠብና ለአቅራቢው ይመለሳል።

አቅራቢው ቢዋሽስ? ይዋሻል፤ አንዳንዴ። መቆጣጠሪያዬ ዓሣው ራሱ ነው፤ ለዚህም ነው ፊሌቶ ሳይሆን ሙሉ ዓሣ የምገዛው። አበው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላሉ፤ ፊሌቶ ደግሞ አናት የለውም። ሙሉ ዓሣ ከሆነ የጉንጩን ክዳን ገልጬ አያለሁ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ እሰየው፣ ወደ ቡናማ ከሄደና ካዝለገለገ ሁለት ቀን የተባለው አምስት ቀን ነው። ዓይኑ ጎላ ያለና ጥርት ያለ መሆን አለበት። ጀርባውን በአውራ ጣት ስጫነው ጎድጓዳው ወዲያው መመለስ አለበት። ሽታውም የሐይቅ ሽታ እንጂ የአሞኒያ ሽታ ሊሆን አይገባም። ደግሞ ፊሌቶው የት እንደተሰነጠቀና በምን እንደታጠበ ማወቅ አይቻልም። ሐይቁ ዳር የሚሰነጥቁት ልጆች እጃቸው እንደ ምላጭ ነው፤ ጥበባቸውን አደንቃለሁ። ማጠቢያቸው ግን ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ያው የሐይቅ ዳር ውሃ ነው።

ሙሉ ዓሣ መግዛት ሌላም ነገር ያሳያል፤ መጠኑን። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታስፈለፍል ዓሣ ናት፤ እንደ ብዙ ዓሦች በመቶ ሺሕ የሚቆጠር እንቁላል አትበትንም፣ የምትወልደው ጥቂት ነው። ሳትወልድ በፊት ከተያዘች የነገ ዓሣም አብሮ ተያዘ። ፊሌቶ ሲሆን ትንሿም ትልቋም አንድ ላይ ትመዘናለች፣ ማንም አያፍርም። እኔ በስንዝሬ እለካለሁ፤ ከአፍ እስከ ጅራት ከስንዝር የማያልፍ ቆሮሶ አልቀበልም። አቅራቢዬ «ልጆቹ የያዙትን ምን ያድርጉት?» ብሎ ተከራክሮኛል፤ እውነት አለው። ዳር ዳሩን በሚጎተት መረብ የሚሠራ ሰው መርጦ አይዝም፤ መረቡም የሚያልፈው ወንዱ ቆሮሶ ጎጆውን በሚቆፍርበት ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ነው። ሆኖም ገዢ የሌለው መጠን ውሎ አድሮ መረቡንም ያስለውጣል ብዬ አምናለሁ። በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ሕግ አለን። ሕጉ እዚያ ሐይቅ ዳር ምን ያህል እንደሚሠራ የሚታየው እዚህ ፍልውሃ አጠገብ ሚዛን ላይ በሚወጣው ዓሣ ነው።

በረዶን በተመለከተ አጭር ነው፤ አንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ። ከዚያ በታች የሚያመጣ አቅራቢ በረዶ ሳይሆን ውሃ ነው የጫነው። በደንብ በበረዶ የተያዘ ሙሉ ቆሮሶ ከሳምንት በላይ ሳይበላሽ ይቆያል። በረዶው ከንጹሕ ውሃ መሠራቱንም ጠይቁ።

ሰው የሚረሳው የራሱን ወጥ ቤት ውሃ ነው። የከተማችን ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይመጣል፤ ተጣርቶ ነው የሚላከው። ነገር ግን በፈረቃ ስለምናገኝ ሁላችንም ጣሪያ ላይ ሮቶ ሰቅለናል። ስንቶቻችን ውስጡን አይተነዋል? እኔ ክዳኑን አስከፍቼ ግርጌው ላይ የተኛውን ቡናማ ዝቃጭ ካየሁ ወዲህ በየጊዜው ባዶ ይደረጋል፣ ተፈትጎ ይታጠባል፣ በበረኪና ተለቅልቆ አድሮ ያ ውሃ ይደፋል፤ ከዚያ ነው የሚሞላው። የሐይቁን ውሃ እየመረመሩ ዓሣውን በዚህ ማጠብ ቀልድ ነው። ለሰላጣውም ያው ነው፤ እንዲያውም ሰላጣው ከዓሣው የባሰ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም አይበስልም፤ በአቃቂ ዳር በወንዝ ውሃ የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ ወደ ገበያችን ይገባል።

ጥሬ ዓሣ የሚጠይቁኝ አሉ፤ ሀዋሳ አሞራ ገደል በዳጣ በልተው የመጡ ወጣቶች። ጣዕሙን አልጠላሁባቸውም። ግን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሣ ውስጥ ኮንትራሲከም የሚባል ትል የተለመደ ነው። ትሉን ለመግደል ዓሣውን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለሰባት ቀናት ማቆየት ያስፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ሰባት ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ እንዲህ አድርጌዋለሁ ብዬ መማል አልችልም፤ ስለዚህ አላቀርብም። ለብለብ የሚሉትንም ቢሆን ውስጡ ነጭ እስኪሆን ድረስ ነው የምንለበልበው።

በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቻለሁ። ገበያው ግን ፍርዱን ሰጥቷል፤ ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው በእጥፍ ይጨምራል፣ ሐይቆቹ ግን አይሰፉም። ያኔ ነው ካርድ አልባው ሳጥን፣ ከስንዝር በታች የሆነው ቆሮሶና ከየት እንደመጣ የማይታወቀው ፊሌቶ ከተማውን የሚያጥለቀልቀው። እኔ በዚያ ወቅት ካርድ ያለው ካልመጣ በር ላይ ባለው ሰሌዳ «ዛሬ ዓሣ የለም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሽሮና ምስር እንሠራለን። አንዳንዱ ደንበኛ ተናዶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ይሂድ፤ የተመለሰም አለ።

ለቤታችሁ የምትገዙ ከሆነ ሒሳቡን እንዲህ አድርጉት። ከአንድ ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ የሙሉውን ዋጋ በሦስት አባዙና ከፊሌቶው ዋጋ ጋር አስተያዩ። ፊሌቶው ከዚያ በብዙ ረክሶ ካገኛችሁት ለምን እንደረከሰ ጠይቁ። ሻጩ ፊታችሁ እንዲሰነጥቅላችሁ አድርጉ፤ አናቱንና አጥንቱን አትተዉለት። የጉንጩን ውስጥ አውጥታችሁ፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቃሪያ ቀቅላችሁ ስታጠልሉት ለአራት ሰው የሚበቃ ሾርባ ይወጣዋል።